የአሻራ ማጥፋት ዘመቻ

ሳያውቅ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ አውቆ የማይሠራም እንደዚሁ። ሳያውቁ ሠርተው የሚሸለሙ ግን ፈጣሪ ለይቶ የሚቀባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ የሆኑት የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ታሪካቸው ሲነገር፣ ሰሚው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ቢልላቸው አይበዛባቸውም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሆስፒታሉ የመጡት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሠሩበት ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ስለ ሕክምና የሚያውቁት መርፌ እንደሚያም ብቻ ነበር። ይህም እንደ ጉድለት አልተቆጠረባቸውም። እንዲያውም በሹመታቸው ዕለት የበላይ አለቃቸው «ከየትኛውም የሕክምና ሙያ ጋር ምንም ዓይነት ንክኪ የሌላቸው በመሆኑ በአድልዎ ሊጠረጠሩ የማይችሉ» ሲሉ አወድሰዋቸዋል።

ቤታቸው ውስጥ እትዬ አሉ። እትዬ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ እናት በልጅነታቸው ስትሞትባቸው ትምህርታቸውን ትተው፣ ትዳርም ሳይዙ፣ ወንድማቸውን ለዚህ ወንበር ያበቁ ሴት። አሁን በስተርጅና የሐሞት ጠጠር ይዟቸዋል። ሲነሳባቸው ከቀኝ ጎናቸው ጀምሮ ትከሻቸው ድረስ ሽቅብ ይወጋቸዋል። አይጮኹም፤ እጥፍ ብለው ይቀመጡና «መጣሽ ደግሞ?» ይሉታል ጠጠሩን፣ ብድር ልትጠይቅ እንደምትመላለስ ጎረቤት። የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም መርምሯቸው፣ ጠጠሩ ካለበት ሸርተት ብሎ የሐሞቱን መውረጃ ከዘጋው ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ለወንድማቸው ነግሯቸዋል። ተራም ተይዞላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ እህታቸውን ከነፍሳቸው አስበልጠው ይወዷቸው ነበር፤ ይህ እውነት ስለሆነ ያለ ምንም ሽሙጥ ይነገርላቸው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። የደወሉት የበላይ አለቃቸው ነበሩ።

«ስማኝማ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍላችሁ የካርቦን አሻራ ከሁሉም ሆስፒታል በልጦ ተገኝቷል። አሳፋሪ ነው!»

«የካርቦን አሻራ?»

«አዎ፣ የካርቦን አሻራ። ምነው፣ አታውቀውም እንዴ?»

«ኧረ ጌታዬ! ካርቦንን እኔ ካላወቅሁት ማን ሊያውቀው ነው?»

«እንግዲያው ገምጋሚዎች ክረምቱ ሳይገባ ይመጣሉ። በግማሽ ቀንሶ ካላገኙት ወንበሩን ለሚችል ሰው ትለቃለህ።»

ሥራ አስኪያጁ አልዋሹም። ካርቦንን ያውቁታል። በሁለት ወረቀት መሐል ገብቶ ዋናውን ወደ ቅጂ የሚያሻግረውን ያን ሰማያዊ ስስ ወረቀት ከእሳቸው በላይ ያገላበጠ ሰው በአገሩ አልነበረም። አሻራም ያውቃሉ፤ መፈረም የማይችል ባለጉዳይ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክረው ስንቱን አስረግጠውታል። እንግዲህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ካርቦን የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ ያገኘውን ሁሉ እየዳበሰ ነው! የሰው ሆድ በሚከፈትበት ክፍል! ከልባቸው ተናደዱ።

በማግሥቱ ጋውን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ ከተሾሙ ጀምሮ ረግጠውት ወደማያውቁት ቀዶ ክፍል ገቡ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ካሜራውን ይዞ ተከተላቸው። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ትልቅ መብራት አዩ፤ ንጹሕ ነው። አልጋውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ንጹሕ ነው። የማደንዘዣ ማሽኑን ዞሩት። ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ሲሉ በመድኃኒት ቁም ሣጥኑ መዝጊያ ላይ ከነመስመሩ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጦ አገኙት።

«ይኸውላችሁ!» አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። «ስማችን የተነሣው በሐሜት መስሏችሁ ነበር?»

ቀዶ ሐኪሙ ቀረብ ብሎ አየው። «እሱማ የኔ ነው። የቀዶ ማዘዣ ስጽፍ ካርቦኑ ነክቶኝ ይሆናል። አሁን በስፒሪት ጠረግ ባደርገው ይለቃል።»

«አትንካው! ፎቶ ይነሳ።»

ተነሣ። በዚያው ቀን ከሰዓት «የካርቦን አሻራ አጥፊ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ በሥሩም የዐቢይ ኮሚቴውን ሥራ የሚያቀል ንዑስ ኮሚቴ ተዋቀረ። ሥራ አስኪያጁ ጉባኤውን ሲከፍቱ፣ የተጋረጠውን ፈተና በተቀናጀ፣ በተናበበና ባልተንጠባጠበ መልኩ ከምንጩ ማድረቅ እንደሚገባ አስገነዘቡ። ምንጩ የቱ እንደሆነ ግን ቀዶ ሐኪሙ የተለየ ሐሳብ ነበረው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የካርቦን አሻራ ማለት እኮ የዚህ የወረቀቱ አይደለም» አለ። «ክፍሉ በሥራው ምክንያት አየር ላይ የሚለቀው ነገር ነው። ምድርን የሚያሞቀው።»

«አየር ላይ? ቀዶ ክፍል ውስጥ የሚያጨስ አለ ማለት ነው?»

«አይ፣ ሲጋራ አላልኩም። ለምሳሌ ሰው የምናደነዝዝበት ጋዝ አለ...»

«ጋዝ!» ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሡ። «መብራት እያለ በጋዝ ነው የምትሠሩት? ምድጃ አስገብታችኋል?»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ክፍሉ ከጋዝ ወደ ኤሌክትሪክ እንዲሸጋገር አቅጣጫ መሰጠቱን በቃለ ጉባኤው አሰፈረ።

ሐኪሙ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፣ ጋዙን ይተዉት። አንድ ጊዜ ለብሰን የምንጥላቸውን ጋውኖች በጨርቅ ተክተን ብናጥባቸው? ለአንድ ቀዶ የማንፈልገውን ዕቃ ዝም ብለን ከነማሸጊያው ባንቀድ? ማንም በሌለበት ሰዓት አየር ማጣሪያው ሲያጓራ ባያድር? ይሄን ብቻ ብናደርግ እኮ...»

«ዶክተር፣ ከአጀንዳው አትውጣ። የተሰበሰብነው ስለ አሻራ ነው፤ አንተ ስለ ልብስ አጠባ ታወራለህ።»

ሐኪሙ ዙሪያውን ቃኘ። የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ነገሩ ገብቶታል፤ ጣሪያ ያያል። የቀዶ ክፍሏ ሲስተር ከሁሉ በላይ ገብቷታል፤ ጫማዋን ታያለች። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ራሱ በዚህ ጉዳይ ሥልጠና ወስዶ፣ የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አድርጎ ቢሮው ሰቅሏል። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁን የማረም ተግባር በሆስፒታሉ መዋቅር ውስጥ ለየትኛውም የሥራ መደብ አልተሰጠም፤ ያልተሰጠ ሥራ መሥራት ደግሞ በሥልጣን አለአግባብ መጠቀም ነው። ስለዚህ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ።

ዘመቻው ተጀመረ። ግድግዳ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ ሁሉም በሳሙናና በበረኪና ታሸ። አሻራ የሚፈልጉ ሁለት ሠራተኞች በእጅ ባትሪ ከበር እስከ በር ተሰማሩ። ቀዶ ክፍል ለሚገባ ሁሉ፣ ለጽዳትም ቢሆን፣ ጓንት በጓንት ላይ መደረብ ግዴታ ሆነ፤ የጓንቱ ካርቶን ባዶውን ጓሮ ተከመረ። በመጨረሻም በሆስፒታሉ ያለ ካርቦን ወረቀት፣ ተጠቅልሎ ከታሸገው ጀምሮ በየመሳቢያው እስከተጨማደደው ድረስ፣ ተለቅሞ ግቢው መሐል በርሜል ውስጥ ተጨመረና እሳት ተለኮሰበት።

ጭሱ ጥቁር ነበር። እየተጥመለመለ ተነሥቶ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ካረበበ በኋላ በሕፃናት ክፍል መስኮት ገባ። ሕፃናቱ ተራ በተራ ሳሉ። ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን እያበሱ «ካርቦን ከሆስፒታላችን እስከ ወዲያኛው ተሰናበተ» ብለው ንግግር አደረጉ፤ እንባው የደስታ ነው ተብሎ ተዘገበ።

በማግሥቱ ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ አንድ ወረቀት ይዞ ቢሯቸው መጣ።

«ማዘዣ ነው። መዝገብ ቤት አልቀበልም አለኝ።»

«ስንት ቅጂ ነው?»

«አንድ። ካርቦን የለማ።»

የቀዶ ማዘዣ በሦስት ቅጂ ካልቀረበ እንዳልታዘዘ የሚቆጥረውን መመሪያ ያወጡት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ለሆስፒታሉ ይዘውለት የመጡት ብቸኛ ስጦታም እሱ ነበር።

«ሦስት ጊዜ በእጄ ልጻፈው?» አለ ሐኪሙ።

«ያማ ሦስት ዋና ሆነ። ሦስት ዋና ያለው ሰነድ ቅጂ የለውም። ቅጂ የሌለው ትእዛዝ አልተሠራጨም። ያልተሠራጨ ትእዛዝ...»

«አልታዘዘም፤ ገብቶኛል። ፎቶ ኮፒስ?»

«ፎቶ ኮፒ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ጣትህን አስነካውና እየው። አሻራ አጥፍተን አሻራ እናስገባ?»

«ታዲያ በሽተኞቹ?»

«ይታገሡ። ምድርም እኮ ታማለች» አሉ ሥራ አስኪያጁ። ይህችን አባባል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በሩ ላይ ካሰቀለው ባነር አንብበው በጣም ወደዋት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀዶ ክፍሉ ሰላም ሰፈነ። ትልቁ መብራት ጠፋ። አየር ማጣሪያው ዝም አለ። ሲስተሮቹ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ እያጣጠፉ ይደረድሩና፣ ሥራ ሲጠፋ የደረደሩትን ፈትተው እንደገና ያጥፉታል። ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ተከዘ፤ ኋላ ጋዜጣ ማንበብ ለመደና፣ ጋዜጣው ቀለም አስነክቶት እንዳይከሰስ በጓንት ይገልጠው ጀመር። አስቸኳይ ሕመምተኛ ሲመጣ ወደ ጎረቤት ከተማ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍለታል። ሪፈር ቅጂ አያስፈልገውም፤ የሚሄድ ሰው መዝገብ ቤትን አያስቸግርምና።

የእትዬ ተራ ደረሰና አለፈ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ለምሳ ቤት ሲገቡ እህታቸው ሳህናቸውን ሳይነኩ ተቀምጠው አገኟቸው።

«እትዬ፣ አትበዪም እንዴ?»

«ብበላ ትነሣብኛለች። እኔ የምልህ፣ ሐኪሙ ሰሞኑን ነው ብሎኝ አልነበር? ምነው ዝም አለ?»

«ትንሽ... የአሠራር ማስተካከያ ላይ ነን።»

«ምን ተበላሽቶ?»

«የካርቦን አሻራ በዝቶ።»

እትዬ ትኩር ብለው አዩአቸው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሆዴን ነው ያመመኝ። ካርቦንና አሻራ ከኔ ሆድ ምን አገናኘው?»

ሥራ አስኪያጁ ምሳቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። እህታቸው ፊት አፈሩ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብተው በሩን ዘግተው አሰቡ። መመሪያውን ለእህታቸው ሲሉ ቢሽሩት ጉቦኛ ሊባሉ ነው፤ ለሁሉም ቢሽሩት ደግሞ ዘመቻው ፈረሰ፣ ወንበሩም ሄደ። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያድን መላ ዘየዱ፤ እትዬን እንደማንኛውም ዜጋ ወደ ጎረቤት ከተማ ሪፈር አጻፉላቸው። እዚያም ተኝተው ተራ ያዙ።

ገምጋሚዎቹ በዚያው ሳምንት መጡ። መሪያቸው ጠንቃቃ ሴት ነበረች። የመብራት ፍጆታውን አየች፤ ወደ ማቃጠያው የሄደውን የቆሻሻ ከረጢት አስቆጠረች፤ የማደንዘዣ ጋዙን ጠርሙሶች መዘነች። ደግማ መዘነች።

«ግማሽ ብለናችሁ ነበር» አለች ዓይኗን ማመን አቅቷት። «እናንተ ጭራሽ ምንም አላስቀራችሁም እኮ! እንዴት አደረጋችሁት?»

«ከሥሩ ነቅለን፣ በርሜል ውስጥ ጨምረን አቃጠልነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። እጇን ይዘው ወደ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ወሰዷት። «እዚህ ጋ ነበር የተገኘው። አሁን በአጉሊ መነጽር ቢፈልጉ አያገኙትም።»

ሴትየዋ ከት ብላ ሳቀች። «ተጫዋች ሰው ነዎት! እውነትም ሰው ሁሉ አሻራ ሲባል የጣት ይመስለዋል።» ከዚያም ለተሰበሰበው ሠራተኛ፣ አንድ ቀዶ በተሠራ ቁጥር የሚለቀቀውን ጋዝ፣ የሚባክነውን መብራት፣ አንዴ ተነክቶ የሚጣለውን ፕላስቲክና እሱ ሲቃጠል ሰማዩን እንዴት እንደሚያሞቀው፣ ከሕክምናው ሳይጎድል ይህን ብክነት መቀነስ እንደሚቻል በሚገባ አስረዳች።

ሥራ አስኪያጁ አዳመጡ። ሆስፒታሉን መምራት ከጀመሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ገባቸው። ጆሯቸው እስኪግል ድረስ አፈሩ። ቀዶ ሐኪሙን ሰረቅ አድርገው አዩት፤ እሱም እያያቸው ነበር። ገባቸው፤ ገብቷቸውም ዝም አሉ።

«ግን ክፍሉ ጭር አለብኝ» አለች ሴትየዋ። «የምትሠሩት ቀዶ ቁጥሩ ቀንሷል እንዴ?»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጎንበስ ብሎ «የግምገማ ቅጹ ላይ ስለ ቀዶ ቁጥር የሚጠይቅ ቦታ አለ?» አላት።

ቅጹን አገላበጠች። «የለም።»

«እንግዲያውስ...»

«እንግዲያውስ ከግምገማው ወሰን ውጪ ነው» አለችና ዘጋችው።

ሆስፒታሉ አንደኛ ወጣ። ለሥራ አስኪያጁ ዋንጫ ተሰጠ። ምርጥ ተሞክሮውም ተቀምሮ በአካባቢው ሆስፒታሎች በሙሉ ያለ አንዳች መሸራረፍ እንዲስፋፋ ተወሰነና፣ እንዲፈርሙበት ፊታቸው ቀረበ። የሚስፋፋባቸው ሆስፒታሎች ስም ከሥር ተዘርዝሯል። እትዬ የተኙበት ሁለተኛው ላይ ነበር።

ብዕሩን አንሥተው ቆዩ። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይበቃ ነበር። ግን ካሜራው ተደግኗል፣ የበላይ አለቃቸው በስልክ እንኳን ደስ አለህ ብለዋቸዋል፣ ዋንጫውም ብብታቸው ሥር ነው። የእትዬ ተራ እኮ ከነገ ወዲያ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ በሳምንትም ደርሶ አያውቅ ብለው ተጽናኑ። ፈረሙ። በሕይወት ዘመኑ ምንም ነገር በሰዓቱ አድርሶ የማያውቀው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ በዚህ ድል ልቡ ስለተነካ፣ ከነፊርማው ፎቶ አንሥቶ በዚያችው ደቂቃ በስልክ ለሁሉም ላከው።

በተባለው ቀን ሥራ አስኪያጁ እህታቸው ሲነቁ አጠገባቸው ለመሆን ወደ ጎረቤት ከተማ ገሰገሱ። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ የጥቁር ጭስ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። የዚያኛው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ እጃቸውን ዘርግተው እየሮጡ መጡ።

«መምጣቴን ማን ነገረዎ አይበሉኝ፤ ልቤ ነው! ይምጡ፣ ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንድም ቀዶ አልነካንም።»

«አንድም?»

«አንድም! ሐኪሞቹ አጉረምርመው ነበር፤ የእርስዎን ፊርማ ሳሳያቸው ጸጥ አሉ።»

የቀዶ ክፍሉ ኮሪደር ጨለምለም ብሏል። በግድግዳው ጥግ በተደረደረው አግዳሚ ላይ ጾመው ያደሩ፣ የቀዶ ጋውን የለበሱ ሕመምተኞች ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው እትዬ ነበሩ። ጠጠሩ ሸርተት ሳይል አልቀረም፤ የዓይናቸው ነጩ ብጫ ሆኗል፣ ፊታቸውም እንደዚሁ። ወንድማቸው ወደ እሳቸው ሊራመዱ ሲሉ የዚያኛው ሥራ አስኪያጅ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው አቆሟቸው።

«ክቡራን ሕመምተኞችና ሠራተኞች!» አሉ። «ዛሬ ያያችሁትን ይህን ሁሉ ለውጥ ያፈለቁት፣ መላ አካባቢያችን አርአያ ያደረጋቸው ታላቅ መሪ እኒህ ናቸው። በጭብጨባ እንቀበላቸው!»

ሲስተሮቹ አጨበጨቡ። ሐኪሞቹም ቀስ እያሉ አጨበጨቡ።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ እትዬ።

«እትዬ... እኔኮ... ዶክተሩን አሁኑኑ አናግሬ...»

«ቆይ፣ አታቋርጣቸው፤ ይጨርሱ።» እትዬ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሕመምተኞች ዞሩ። «እናንተስ ምነው ዝም አላችሁ? ወንድሜ ነው፣ አጨብጭቡለት እንጂ። እኔ እጄን ከሆዴ ላይ ማንሣት አቅቶኝ ነው።»